ከአበባዋ የሚቀድሙ እጆች

ሞጣ ጤፍ ተራ ላይ ቀይ ጤፍ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ከጆንያው አፍ እፍኝ ይዘግናል። ከዘገነው ቆንጠር አድርጎ በግራ መዳፉ ላይ ያሳርፍና በቀኝ አውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ እፍ ይላል። ገለባው ይበናል፤ ፍሬው ይቀራል። ከዚያ መዳፉን ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጎ ዝም ይላል። ያን ዝምታ እወደዋለሁ። ሰውየው በዚያች ቅጽበት የሚያየው ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር ነው፤ ግን አፈር መቀላቀሉን፣ ፍሬው መሙላት አለመሙላቱን፣ ከቀዩ መሀል ነጭ መግባት አለመግባቱን ለይቶ ያውቃል።

«እማማ፣ ይኼ ጥሩ ቀይ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሻጯ እናት ጥያቄው ከንከን ያደረጋቸው መሰለኝ።

«ቀይ ነው እንጂ ልጄ፤ ነጭ የገባበትማ ሰርገኛ ይባላል። እየው በዓይንህ» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

አየሁ። ቀይ እንለዋለን እንጂ እንደ በርበሬ የቀላ አይደለም። መልኩ ዳማ ነው፤ ሰውን «ቀይ ዳማ»፣ ፈረስን «ዳማ» እንደምንለው ዓይነት። አንዳንዱ ፍሬ ወደ ሸክላ ያደላል፣ አንዳንዱ ወደ ተቆላ ገብስ። በአንድ ግራም ውስጥ ሦስት ሺህ ገደማ የጤፍ ፍሬ ይገባል፤ በእማማ መዳፍ ላይ የነበረውማ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከዚያ ሁሉ መሀል አንድ ነጭ አላገኘሁም።

እንዲህ ጥርት ያለ ቅላት በአጋጣሚ አይገኝም። የገበሬው ዓይን ዘመናት ሲመርጠው ኖሯል። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ደግሞ ትንፋሽ ተይዞ የሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ ተጨምሮበታል። እሱን ቀርቦ ያየ ሰው ጥቂት ነው።

የጤፍ አበባ ዓይነ አፋር ናት። በሁለት ቀጫጭን ቅርፊቶች መሀል ሦስት የወንዴ ዘንጎችና ጫፋቸው ላባ የመሰለ ሁለት የሴቴ ዘንጎች አብረው ተዘግተው ያድጋሉ። የወንዴው ብናኝ እዚያው በገዛ ሴቴው ላይ ይራገፋል፤ ነፋስ ሳይገባ፣ ንብ ሳትጎበኝ ፍሬው ይያዛል። በተፈጥሮ ከሌላ ጤፍ ጋር የምትዳቀለው ከመቶ አንድ አይበልጥም። ስለዚህ ጤፍን በሰው እጅ ማዳቀል የማይሆን ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። የጤፍ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን ሥራው ከገበሬ ማሳ ተሰብስቦ ከመጣው ዘር የተሻለውን መምረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ግን ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋ የምትከፈትበትን ሰዓት ደረሱበት፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል። ይህን ለማወቅ ስንት ጠዋት በብርድ ጎንበስ ብሎ መጠበቅ እንዳስፈለገ ባሰብኩ ቁጥር ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ሌላው ሰው ፊቱን በሚታጠብበት ሰዓት የጤፍ ምሥጢር ተከፍቶ ይዘጋ ነበር።

እንዲህ በገዛ ብናኟ የምትፀንስ ጤፍ ብቻ አይደለችም። ቢቸና ዙሪያ፣ ክረምቱ ወጥቶ መረሬው እርጥበቱን እንደያዘ፣ ጓያ ይዘራል። ሲያብብ ማሳው ሰማይ የወረደበት ይመስላል፤ የእኛ አገር ጓያ አበባው አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ይህች ጓያ በውጭ አገር የታወቀች ዘመድ አለቻት። ፈረንጆች ስዊት ፒ ብለው የሚጠሯት፣ ለሽታዋና ለቀለሟ ብለው አጥር ላይ የሚያስወጧት አበባ ናት። ዘሯ እ.ኤ.አ. በ1699 ኩፓኒ በተባለ መነኩሴ እጅ ከሲሲሊ ወደ እንግሊዝ እንደተላከ ይነገራል። ከዚያ በኋላ፣ በተለይ ሄንሪ ኤክፎርድ የተባለው አትክልተኛ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማገባደጃ ላይ ማዳቀሉን ከያዘው ወዲህ፣ የቀለሟ ዓይነት ተቆጥሮ አያልቅም። ጓያንና ስዊት ፒን የአጎት ልጆች ብላቸው ማጋነን አይሆንም፤ የአበባቸው አሠራር አንድ ነው። አሥሩ የወንዴ ዘንጎች ታንኳ በመሰለች ቅጠል ውስጥ ሴቴውን ከበው ይቀመጣሉ፤ አበባዋ ፈክታ ለዓይን ስትሞላ ብናኙ ሥራውን ጨርሷል። በሩ ሳይከፈት ሠርጉ ያልቃል። አዲስ ቀለም የሚፈልግ አትክልተኛ ስለዚህ ገና እምቡጥ ሳለች ይቀድማታል፤ እምቡጧን በጥንቃቄ ሰንጥቆ አሥሩንም ወንዴ ይለቅማል፣ ከዚያ ከመረጠው አባት ብናኝ ያመጣላታል።

ከአበባዋ ቀድሞ መገኘት በስዊት ፒም በጤፍም የማዳቀል ጥበብ ዋናው ነገር ነው። ልዩነቱ የስዊት ፒ እምቡጥ የጣት ጥፍር ያህል መሆኗ ነው። የጤፍን አበባ በባዶ ዓይን ማየትም ይቸግራል።

አንዲት የጤፍ አዳቃይ ባለሙያ ስትሠራ አይቻለሁ። ሥራው ከዋዜማው ይጀምራል። እናት እንድትሆን የተመረጠችው ጤፍ በማሰሮ አፈር በቅላ፣ ዛላዋ ብቅ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ትቀርባለች። ጤፍ የምታብበው ከዛላው ጫፍ ጀምራ ወደ ታች ነው፤ በዛላው ላይ ባለችው በእያንዳንዷ ቅንጣት የአበባ እቅፍ ውስጥ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ከግርጌ ወደ ላይ ይሄዳል። ባለሙያዋ ይህን እንደ ዳዊት ታውቀዋለች። የነገ ጠዋቶቹን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለይታ፣ አብበው ያለፉትንና ገና ያልደረሱትን ትቀነጥሳለች። የቀሩት ጥቂት ናቸው።

ከዚያ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ፣ የሁለቱን እጆቿን አንጓ ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። ክንዱ አየር ላይ ከተንጠለጠለ የልብ ትርታ እንኳ መርፌውን ያንቀጠቅጠዋል። በግራ እጇ መርፌ፣ በቀኟ ጫፉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ወረንጦ ይዛለች። የመርፌውን ጫፍ በሁለቱ ቅርፊቶች መሀል ታስገባና ዘወር ታደርገዋለች፤ ቅርፊቱ ሳይሰበር ይላቀቃል። ሦስቱ የብናኝ ከረጢቶች ይታያሉ። እዚህ ላይ ነው የእጅ ልዩነት የሚታወቀው። ወረንጦው የሚይዘው ከረጢቱን አይደለም፣ የተንጠለጠለበትን ክር ነው። ከረጢቱን የጨበጠ ያፈነዳዋል፤ ከፈነዳ ብናኙ በሴቴው ላይ ይረጫል፣ አበባዋም ለዛሬ አለቀላት። አንዱ ወጣ፤ ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከላባው ጀርባ ተለጥፎ ይገኛል። እሱን ለማውጣት ላባውን ሳይነኩ ዙሪያውን መሄድ ያስፈልጋል፤ ላባው ከቆሰለ ነገ ብናኝ አይቀበልም። ባለሙያዋ ሦስተኛውን ስታወጣ ትንፋሿን እንደያዘች አየሁ። ለጥንቃቄ ብቻ አይመስለኝም። እናቴ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ሌሊቱ ያልፋል። ጎህ ሲቀድ አባት የሚሆነው ጤፍ ይቀርባል፤ አሁን ሰዓቱን የምትወስነው ባለሙያዋ ሳትሆን አበባዋ ናት። የአባትየው ከረጢት ሊሰነጠቅ ሲል ተለቅሞ ትናንት ባዶ ወደ ቀረችው እናት ይወሰዳል፤ ላባው ጫፍ ላይ ነካ ይደረጋል። ብናኙ ላባው ላይ ሲያርፍ በማይክሮስኮፑ ይታያል፤ ዱቄት የነካው የጨርቅ ጠርዝ ይመስላል። ከዚያ ቀለም ያለው ክር ይታሰርና ወረቀት ይንጠለጠላል፦ መጀመሪያ የእናት ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ ቀኑ። ሁልጊዜ እናት ትቀድማለች። አንዲት አበባ የምትሰጠው አንዲት ፍሬ ናት፤ የሁለት ቀን ድካም ተሳክቶ እንኳ ፍሬው ሲሰበሰብ የትንሿን ጣት ጥፍር አይሸፍንም።

አሁን ወደ ቅላቱ ልመለስ፤ ይህ ሥራ ከምንም በላይ የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

የጤፍ ቅላት ያለው በፍሬው ልብስ፣ በሽፋኑ ላይ ነው። ልብሱ ደግሞ የእናት ነው። ነጭ ጤፍን እናት አድርጋችሁ በቀይ አባት ብታዳቅሏት የምታገኟት ፍሬ ነጭ ናት፤ የአባቷን መልክ በውስጧ ይዛ የእናቷን ነጠላ ለብሳ ትወለዳለች። በዓይን አይታችሁ መዳቀሏን ማወቅ አትችሉም። ትዘራላችሁ፤ ትበቅላለች፤ ዛላ ታወጣለች። ያ ዛላ ሲታሽ ፍሬው በሙሉ ቀይ ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ የዚያች የጠዋት ሥራ መስመር እንደያዘ ይታወቃል። ነጭ ከሆነ ግን ወረንጦው አንድ ብናኝ ስቶ እናቲቱ ከራሷ ፀንሳለች ማለት ነው፤ ይጣላል። ቀዩ ምስክር ነው። አዳቃዮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ምስክር የሚሆን አባት የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ከዚህም ሌላ ነገር ይከተላል። ልብሱ የእናት ስለሆነ በአንድ ዛላ ላይ ያለ ፍሬ ሁሉ አንድ መልክ ነው። ሰርገኛ የሚባለው ጤፍ በማሳ ወይም በአውድማ የተደባለቀ የብዙ ዛላ ፍሬ እንጂ፣ ከአንድ ዛላ ላይ ቀይና ነጭ አብሮ አይለቀምም። ይህን ብዙ ጊዜ ሰርገኛ የበላሁ ሰው ሆኜ ሳላውቀው ኖሬአለሁ።

ከሚቀጥለው ትውልድ ጀምሮ መልኩ ይከፋፈላል፤ ብዙው ተክል ቀይ፣ ጥቂቱ ነጭ ያፈራል፤ ቀዩ በነጩ ላይ ያይላልና። ነጭ ዝርያ የሚፈልግ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ነጭ ያፈራች ተክል የደበቀችው ቀይ ስለሌለ በመልኳ የታመነች ናት። ቀይ የሚፈልግ ግን አይቸኩልም። ቀይ ያፈራች ተክል በውስጧ ነጭ ይዛ ሊሆን ይችላል፤ ዘንድሮ ቀይ፣ ከርሞ ከልጆቿ ጥቂቶቹን ነጭ አድርጋ ልታሳፍር ትችላለች። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ተክል ተወስዶ ለብቻው ይዘራል፣ እንደገና ይታያል፣ እንደገና ይዘራል፤ ልጆቿ ሁሉ፣ የልጅ ልጆቿም ሁሉ ቀይ እስኪሆኑ ድረስ። እውነተኛ ቀይ ጊዜ ይፈልጋል።

በስዊት ፒ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑ ሲገርመኝ ይኖራል። የውርስን ሕግ ያጠኑት እንግሊዛውያኑ ቤትሰንና ፐኔት በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሁለት ነጫጭ ስዊት ፒዎችን አዳቅለው ሐምራዊ ልጅ አገኙ። ሐምራዊውም ቀዩን ይጫነዋል። እዚያ የሚደበቀው ቀዩ ነው፤ ብቅ ካለ ግን ሐምራዊ አልደበቀም። ሲወጣ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ ደማቁ ቀይ ፀሐይ ሲመታው ይለበለባል፣ ይጠወልጋል፤ አትክልተኞች ፀሐይ የማይፈራ ቀይ ለማግኘት ትውልድ በትውልድ ደክመዋል። የእኛው ዳማ ፀሐይን አይፈራም። የሚፈራው የገበያን ዓይን ነው።

ማኛ ከላይ፣ ነጭ ከሱ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰርገኛ፣ ቀይ ከሥር፤ የጤፍ ተራ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው እንዲህ ነው። የምርምሩም ትኩረት ዋጋውን ተከትሎ ወደ ነጩ ማድላቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያ፣ የማኛን ንጣትና ዱከም የተባለውን ዝርያ ምርት በአንድ አጣምሮ ብዙ ቤት ደርሷል፤ እኔም ያመሰገንኩት እንጀራ ነው። ቢሆንም ለቀዩ የደከሙት እጆች ከዚያ ያነሰ ምስጋና ሲሰጣቸው አይቼ ዝም ማለት አልወድም። ቀዩ ነጭ ጤፍ በሚቸገርበት መሬት ላይ ይቋቋማል ይላሉ ገበሬዎች። ለቆላው አጭር ዝናብ ቶሎ የሚደርሰውን ቀዩን ቡኒኝን ያወረሱንም እነሱ ናቸው።

የተሻሻሉት ቀዮች በቁጥር ብዙ አይደሉም። አስጎሪ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ቀይ ጤና በ2002፣ ዲማ በ2005፣ ፍላጎት በ2017 ወጥተዋል። መለያ ቁጥራቸውን ማንበብ ለሚችል ሰው ታሪኩ እዚያው ተጽፏል። አስጎሪ ዲዜድ-01-99 ነው፤ «01» የሚለው ከገበሬ ማሳ ተሰብስቦ የተመረጠ መሆኑን ይናገራል። ቀይ ጤናም ዲማም እንዲሁ ናቸው። ፍላጎት ግን ዲዜድ-ሲአር-442 ይላል፤ «ሲአር» ካለ በወረንጦ የተዳቀለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ስም ሳነብ ስማቸው ያልተጻፈ ገበሬዎች ይታዩኛል። ታደሰ ኤባ እ.ኤ.አ. በ1975 የገበሬውን የጤፍ ዓይነቶች በመልክ ለይተው ሲመዘግቡ 35 አድርሰዋቸዋል፤ ያን ሁሉ ለይቶ ጠብቆ ያቆየው የገበሬው መዳፍ ነው። ዲማን ያወጣው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ስሟን ስሰማ ቢቸና አጠገብ ያለው፣ ቅኔ የተዘረፈበት ዲማ ጊዮርጊስ ትዝ ይለኛል።

አዴቶች ጤፋቸውን ከሚፈትኑባቸው ቦታዎች መሀል ቢቸናና ሞጣ አሉ። ሁለቱም ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ የቢቸናው አፈር መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲጠግብ እግር የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። የጤፍ መሬት እስኪልም ተደጋግሞ ይታረሳል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ ከዚያ ዘሩ በጭቃው ላይ ይበተናል። የሙከራ መደቡ ትንሽ ነው፤ ጎን ለጎን ብዙ መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው በየቦታው ተደጋግመው። ነሐሴ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ጥቅምት ሲገባ ልዩነቱ ይወጣል። አንዱ ነፋስ ሲመጣ ይጋሸባል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። የአንዱ ዛላ ልቅ ሆኖ ወደ ጎን ይፈሳል፣ የሌላው ጥብቅ ነው። ዛላው ራሱ ደም የመሰለ ቀይ የሆነም አለ፤ የማያውቅ ሰው እሱን አይቶ ቀይ ጤፍ ነው ሊል ይችላል። የዛላው ቅርፊት ቅላትና የፍሬው ቅላት ግን ለየብቻ የሚወረሱ ናቸው። ቀይ ዛላ ውስጥ ነጭ ፍሬ ይገኛል፤ የገረጣ ዛላ ውስጥ ዳማ ፍሬ። ሳይታሽ አይታወቅም።

ኅዳር ላይ ገበሬዎች ወደ መደቡ ተጠርተው የወደዱትን ይመርጣሉ። ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ አገዳውንና ገለባውን ያያሉ፤ ለከብት የሚተርፈውን ይመዝናሉ። እናቶች ፍሬውን ያሹና ጥርስ ላይ ጣል አድርገው ይነክሱታል፤ ስለ ቡኮው፣ ስለ እንጀራው ዓይን እዚያው ይነጋገራሉ። እኔ የተከተልኳቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ከቀይ መስመሮቹ በአንዱ ፊት ቆሙና ከጫፍ ጀምረው ዛላ በዛላ ማሸት ያዙ። አንዱን አሽተው እፍ ይላሉ፣ ያያሉ፣ ያልፋሉ። ቀይ። ቀይ። ቀይ። አብሯቸው የቆመው ወጣት ባለሙያ መዝገቡን ደረቱ ላይ አቅፎ ምንም አልተናገረም።

«አባ፣ ይበቃል ሁሉም ቀይ ነው» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ ሦስተኛው ዛላ ላይ ሲደርሱ አሽተው እፍ አሉና መዳፋቸውን ወደ ባለሙያው ዘረጉ። ፍሬው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከኪሱ ሰማያዊ ክር አወጣና ያቺን ተክል አገዳዋ ላይ በቀስታ አሰራት። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ የመስመሩን ቁጥር ፈለገ፤ አዛውንቱም ነጩን ጤፍ አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው ወደ ቀጣዩ ዛላ እጃቸውን ሰደዱ።